«ካውንተር ስትራይክ» በሐዋሳ አዲስ ከተማ፦ የመሣሪያው አደረጃጀትና የጨዋታው ቅርጽ

የተውኔት ሐያሲ ስለ አንድ ትርኢት ሲፈርድ ድርሰቱን ብቻ አንብቦ ብዕሩን አያነሣም። የተዋናዩ ድምፅ እስከ መጨረሻው ወንበር ደርሶ እንደሆነ፣ መብራቱ በሚገባው ቅጽበት በርቶ እንደሆነ፣ መጋረጃው ሳይደናቀፍ ወርዶ እንደሆነ ይመረምራል። ድርሰቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ መብራቱ ከተዋናዩ ዘግይቶ በበራበት ምሽት ተመልካቹ ያየው ሌላ ተውኔት ነው። በኮምፒዩተር አማካይነት ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚሳተፉበት የተኩስ ጨዋታ ግን ይህን የመሰለ ምርመራ ሲደረግለት ብዙም አይታይም። አንደኛው ወገን ጊዜ አባካኝ ነው ብሎ በጅምላ ያወግዘዋል፤ ሌላው ወገን የሥዕሉን ጥራትና የድምፁን ግርማ አድንቆ ያልፋል። ሁለቱም ይዘቱን ከደጅ ሆነው ይመለከቱታል እንጂ ቅርጹን የሚሠራው ምን እንደሆነ ገብተው አይጠይቁም። የዚህ ጨዋታ ቅርጽ ከሁሉ በፊት ጊዜ ነው፤ ጊዜውን የሚሰፍሩትም ማሽኑ፣ ኬብሉና ሰርቨሩ ናቸው። ስለሆነም ማሽኖቹን ያሰናዳው ሰው እንደ መድረክ አዘጋጅ ሊቆጠር፣ ሥራውም እንደ መድረክ አዘጋጅ ሥራ ሊተች ይገባዋል።

ለዚህ ምርመራ ሐዋሳ ተስማሚ ቦታ ናት። ከከተማይቱ ክፍላተ ከተሞች አንዱ አዲስ ከተማ ይባላል፤ ከአዲስ አበባው ሞክሼው ጋር ሊምታታ አይገባም። በዚህ ክፍለ ከተማ፣ ከመንገዱ ዳር፣ አሥር ኮምፒዩተሮች በሁለት ረድፍ የቆሙበት አንድ የጨዋታ ቤት ይታሰብ። በሩ ላይ መጋረጃ አለ፤ ፀሐይ ስክሪኑን እንዳያደበዝዝ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ በመሆኑ ከቀትር በኋላ ክፍሉ ይግላል። ሰባት ሰው በደንብ በሚያስቀምጥ ቦታ አሥር ሰው ተቀምጧል፤ የቤቱ ኪራይ የሚከፈለው በወንበር ብዛት ነውና። ከጥግ፣ ወለሉ ላይ፣ ሁሉንም ኬብል የሚሰበስብ አንድ ትንሽ ስዊች ብልጭ ብልጭ ይላል። ይህ ቤት በየከተማው ካሉት መሰሎቹ የተለየ አይደለም፤ ስለ እርሱ የሚባለው ለመሰሎቹም ይሆናል።

ጨዋታው ራሱ ረጅም ታሪክ የለውም፤ ያለው ታሪክ ግን ለወጣት አንባቢ የሚጠቅም ነው። «ካውንተር ስትራይክ» በ1991 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1999) ብቅ ያለው ከትልቅ ድርጅት አልነበረም። ካናዳዊው ሚን ሌ እና አሜሪካዊው ጄስ ክሊፍ፣ ሁለቱም ገና ተማሪዎች ሳሉ፣ «ሃፍ ላይፍ» የተባለውን የሌላ ሰው ጨዋታ እየቀየሩ የሠሩት ነው። የ«ሃፍ ላይፍ» ባለቤት የሆነው ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በቀጣዩ ዓመት ሥራውን በራሱ ስም አወጣው። እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ ነጥብ ስድስት የተባለው እትም ወጣ፤ በኢትዮጵያ የኢንተርኔት ቤቶችና የተማሪ ማደሪያዎች «ካውንተር» ተብሎ የታወቀው ይኸኛው ነው። ሁለተኛው «ካውንተር ስትራይክ» የወጣው እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 2023 ሲሆን፣ ዕለቱ በኢትዮጵያ የ2016 ዓ.ም. የደመራ ዕለት ነበር።

የድርሰቱ አወቃቀር እጅግ ቁጥብ ነው። አምስት ሰዎች በአምስት ሰዎች ላይ ይሰለፋሉ። አንደኛው ቡድን ፈንጂ ተሸክሞ ከተወሰነ ቦታ ያኖራል፤ ሌላው ቡድን ይከላከላል። ፈንጂው ከተጠመደ በኋላ እስኪፈነዳ 40 ሴኮንድ ይቀራል፤ ያለ መሣሪያ ለማምከን 10 ሴኮንድ፣ በመሣሪያ 5 ሴኮንድ ይፈጃል። የሞተ ተጫዋች እስከ ዙሩ መጨረሻ አይመለስም፤ ቁጭ ብሎ የጓዶቹን ዕጣ ይመለከታል። የድርሰቱ ብልሃት ያለው ከዚህ ላይ ነው። ተዋናይ የነበረው ሰው በቅጽበት ተመልካች ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ብቻ ሲቀር ዘጠኙ በእርሱ እጅ ላይ ዓይናቸውን ያሳርፋሉ። በጨዋታ ቤቱ ውስጥ ይህ ጊዜ ያለ ማስታወቂያ ይታወቃል፤ ጫጫታው ድንገት ይቆማል፤ የሚሰማው የኪቦርድ ድምፅ ብቻ ነው። በየሰፈሩ ሌባና ፖሊስ ተጫውቶ ያደገ ሰው ነገሩን ለመረዳት መምህር አያሻውም። ሆኖም ከሌባና ፖሊስ ይልቅ ለዚህ ጨዋታ የሚቀርበው የፈረስ ጉግስ ነው። የጉግስ ተጫዋች ዘንጉን የሚወረውረው ባላጋራው ወዳለበት ሳይሆን ወደሚደርስበት ነው፤ ጋላቢው የቅጽበት ልዩነት ቢያሳስት ዘንጉ ከአየር ላይ ይቀራል። ከፈረሱ ፍጥነትና ከእጁ በቀር ሌላ ነገር በመካከል ስለሌለ ግን ስሕተቱ የራሱ ነው።

ስለ ይዘቱ የሚነገረው አጭር ነው፤ ይዘቱ ራሱ ቀጭን ነውና። አንዱ ወገን ሽብርተኛ፣ ሌላው ፀረ ሽብር ተብሎ ከመሰየሙ በቀር ለምን እንደሚዋጉ አይነገርም፤ አጋማሹ ላይ ሁለቱ ወገኖች ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ስማቸውም ልብስ እንደሚቀየር ይቀየራል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ትዕይንቱ ነው። እጅግ የታወቀው የውጊያ ሜዳ «ዳስት ቱ» የበረሃ ከተማ ነው፤ ጭቃማ ግንብ፣ ቅስት በር፣ ጠባብ ሰርጥ አለው፤ ነዋሪ ግን የለውም። የሌላ ሰው ሰፈር የተኩስ መለማመጃ ሆኖ ሲቀርብ ሰፈርተኛው አስቀድሞ ከሥዕሉ ወጥቷል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ክፍሏ የእውነት ጦርነት ያለፈባት አገር ተመልካች ይህን ባዶ መንገድ ከሌላው ዓለም ተጫዋች በተለየ ዓይን ቢያየው አይፈረድበትም። ጨዋታውን የሚወዱ ወጣቶችም ይህን ጉድለት ቢያውቁት ፍቅራቸው አይቀንስም፤ ቅርጹን የሚወዱት ለሌላ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ወደ ማሽኑ። አንድ ነጥብ ስድስት የሚጠይቀው 500 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር፣ 96 ሜጋባይት ራምና 16 ሜጋባይት ግራፊክስ ካርድ ነበር። ሁለተኛው «ካውንተር ስትራይክ» ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም፣ ቢያንስ 1 ጊጋባይት ማኅደር ያለው ግራፊክስ ካርድና 85 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይላል። አሥር ማሽን ለሚያሰናዳ ሰው ይህ ልዩነት የቤቱን መኖርና አለመኖር የሚወስን ነው። ለዚህም ነው ብዙ ቤት አሮጌውን እትም እስካሁን ከዲስኩ ሳያጠፋ የሚያቆየው። ነገር ግን «ቢያንስ» የሚለው ቃል የሚናገረው ጨዋታው እንደሚከፈት ነው እንጂ እንደሚታይ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ የሂሱ ዋና ነገር ነው።

የጨዋታ ሥዕል ተንቀሳቃሽ የሚመስለው ማሽኑ በሴኮንድ ውስጥ ብዙ ምስሎችን ሥሎ ስለሚያሳይ ነው። ተራ ስክሪን በሴኮንድ 60 ምስል ያሳያል፤ አንዱ ምስል በስክሪኑ ላይ የሚቆየው 17 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው። በ144 የሚሠራ ስክሪን ላይ ደግሞ 7 ሚሊሴኮንድ ብቻ ይሆናል። የቤቱ ባለቤት ደንበኛ ሲጠይቀው «ሰማንያ ይሠራል» ብሎ መመለሱ የተለመደ ነው፤ ሰማንያ ማለቱ በአማካይ ነው። አማካይ ግን ብዙ ይደብቃል። ባዶ መንገድ ላይ 120 ምስል የሚሥል ማሽን ከጭስ ውስጥ ሲገባ ወደ 25 ቢወርድ አማካዩ አሁንም ያማረ ሆኖ ይቀራል። ችግሩም ከዚህ ላይ ይከብዳል። በሁለተኛው «ካውንተር ስትራይክ» ጭሱ የተሠራው በጥይት እንዲበሳና በቦንብ እንዲበተን ሆኖ ነው፤ ጥበቡ የሚደነቅ ቢሆንም ለማሽኑ ሸክም ነው። ጭስ የሚጣለው ደግሞ አምስቱ ሰዎች በአንድ ላይ ሊገቡ ሲሉ፣ ማለትም ዙሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ደካማው ማሽን የሚንተባተበው በተራው ዓረፍተ ነገር ላይ ሳይሆን በተውኔቱ ትልቁ ቃል ላይ ነው።

ጥላውም እንዲሁ ነው። ማሽኑ እንዲቀለው የጥላውን ጥራት ዝቅ ማድረግ የታወቀ ዘዴ ነው፤ በሥዕል ደረጃ ሲታይ የሚጎድል ነገር ያለ አይመስልም። ነገር ግን በዚህ ጨዋታ ጥላ ጌጥ አይደለም። ባላጋራው ከማዕዘኑ ሳይወጣ ጥላው ቀድሞት መሬት ላይ ይወድቃል፤ ያየ ተጫዋች አፈሙዙን አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ጥላውን ያጠፋ ቤት ለደንበኛው ፍጥነት ሰጥቶ ወሬ ነስቶታል። የትኛው ይሻላል የሚለው ከማሽኑ ዐቅም ጋር ተመዝኖ የሚወሰን ነው፤ ሳይመዘን የተወሰነ እንደሆነ ግን መጥፎ አዘጋጅነት ነው።

ጥሩ አዘጋጅ በዐቅሙ ውስጥ ሆኖ የሚያደርገው ብዙ አለ። ምስሎቹ ከ120 ወደ 25 ከሚዋዥቁ፣ ማሽኑ ሁልጊዜ ሊደርስበት በሚችለው ቁጥር፣ ለምሳሌ በ60 ላይ፣ ቢገታቸው እጁ የለመደውን ያገኛል። ምስሉን ከስክሪኑ ጋር ለማስማማት ተብሎ የሚበራውን ቪ ሲንክ ግን ያጠፋዋል፤ ሥዕሉን ሲያለሰልስ እጁን ያዘገያልና። የምስሉን ስፋት መቀነስ ያዋጣል፤ ስመ ጥር ተወዳዳሪዎች ሳይቀሩ በአሮጌው አራት በሦስት ቅርጽ የሚጫወቱ አሉ። ከሁሉ የሚረሳው ግን አቧራ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚሠራ ማሽን ማራገቢያው በአቧራ ሲደፈን ይግላል፤ ሲግልም እንዳይቃጠል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ጠዋት በአራት ሰዓት ያማረው ማሽን ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ሌላ ማሽን ይሆናል። ይህን ለማዳን የሚያስፈልገው ብሩሽና ግማሽ ቀን ነው። ለማውስ መንቀሳቀሻ የሚበቃ የጠረጴዛ ስፋትም እንደ መሣሪያ ሊቆጠር ይገባል፤ ክንዱ ከጎረቤቱ ክንድ ጋር የሚጋጭ ተኳሽ የግማሽ ክንድ ተኳሽ ነው።

ማሽኑ ሁሉ ቢስተካከል እንኳ መስመሩ ይቀራል። ከሐዋሳ የተላከ አንድ ተኩስ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ መመለስ አለበት። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ከባሕር ሥር ኬብሎቹ ጋር የምትገናኘው በጎረቤቶቿ በኩል ነው። ለሐዋሳ ተጫዋች ቀረብ የሚሉት ሰርቨሮች በደቡብ አፍሪካ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም በአውሮፓ የቆሙት ናቸው። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሴኮንድ 200 ሺሕ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከሐዋሳ እስከ ጆሐንስበርግ ቀጥታው ርቀት 3,900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልሱ በስሌት ብቻ 39 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል። እስከ ፍራንክፈርት 5,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ደርሶ መልሱ 55 ይሆናል። ይህ ኬብሉ እንደ ወፍ ቀጥ ብሎ ቢሄድ ነው። ኬብሉ ግን ባሕርና ድንበር እየተከተለ ይጠመዘዛል፤ በየመገናኛውም ይቆማል፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ከስክሪኑ ላይ የሚያነበው «ፒንግ» ከዚህ ስሌት በብዙ ይበልጣል። መቶ ሃምሳ ቢሆን፣ በ60 ምስል ስክሪን ላይ የ9 ምስል ዕዳ ነው። የትኛውም ብሩሽ አይጠርገውም፤ የተፈጥሮ ሕግ ነውና።

የጨዋታው ደራስያን ይህን ዕዳ ለማካፈል ያገኙት ዘዴ በኪነ ጥበብ ዓይን ሲታይ እጅግ የሚያስገርም ነው። ሰርቨሩ የእያንዳንዱን ሰው የቅርብ ጊዜ ቦታ ያስታውሳል። ተኩስ ሲደርሰው ጊዜውን ወደ ኋላ መልሶ፣ ተኳሹ በተኮሰበት ቅጽበት ስክሪኑ ላይ ምን ያይ እንደነበር ይመለከታል፤ በዚያም ይፈርዳል። ፍርዱ ለተኳሹ ትክክል ነው። ለተመታው ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በራሱ ስክሪን ላይ ሮጦ ከግንቡ ጀርባ ከገባ በኋላ ይሞታል። አንዱ ያየው እውነት ነው፤ ሌላውም ያየው እውነት ነው፤ ሰርቨሩ ግን አንዱን እውነት ብቻ ይመዘግባል። በጨዋታ ቤቱ ውስጥ «ተደብቄ ነበር እኮ!» የሚል ጩኸት በየጊዜው የሚሰማው ስለዚህ ነው፤ ጯሂውም አይዋሽም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለሐያሲ ዋጋ አለው። ከሩቅ የሚጫወት ሰው ማዕዘን ይዞ ቢጠብቅ ባላጋራው ከማዕዘኑ ወጥቶ ካየው በኋላ ነው እርሱ ባላጋራውን የሚያየው። ራሱ ከማዕዘን ዘሎ ቢወጣ ግን ዕዳው ወደ ባላጋራው ይዞራል። ስለዚህ ርቀት ያለበት ተጫዋች ሳይማር ይማራል፤ ትዕግሥተኛ ጠባቂ ከመሆን ይልቅ ደፋር አጥቂ መሆን ያዋጣዋል። ከውጭ የሚያይ ሰው «ችኩል ናቸው፣ ሥርዓት አልተማሩም» ሊል ይችላል። ችኮላ የሚመስለው ግን የርቀቱ ልጅ ነው። የአንድ አካባቢ የአዝማሪ ስልት ከማሲንቆው ክር እንደሚወለድ ሁሉ፣ የአንድ ከተማ የአጨዋወት ስልትም ከኬብሉ ርዝመት ይወለዳል። ስልቱን ሳያጠኑ ተጫዋቹን መንቀፍ ፍርድ አይደለም።

የመዘግየቱ ብዛት ብቻም አይደለም፤ መዋዠቁ ይብሳል። እጅ 120 ሚሊሴኮንድን ሊለምድ ይችላል፤ አንዴ 90 አንዴ 300 የሚሆነውን ግን አይለምድም። ጨዋታው የሚልከው መረጃ ጥቂት ስለሆነ መስመሩ «ፈጣን» ነው ተብሎ መሸጡ ብዙ አይረዳም። በዚያው ክፍል አንድ ደንበኛ ፊልም ማውረድ ሲጀምር ዘጠኙ ሰዎች ከወረፋው ጀርባ ይቆማሉ። ለጨዋታው ቅድሚያ እንዲሰጥ ራውተሩን ማስተካከል ወይም ማውረዱን ለሌሊት ማቆየት የአዘጋጁ ሥራ ነው። መብራት ሲቋረጥ ደግሞ ሌላ ቅሬታ ይመጣል። የጨዋታው ደንብ ከውድድር መካከል ወጥቶ ያልተመለሰን ሰው እንደ ከዳተኛ ቆጥሮ ለተወሰነ ጊዜ ከውድድር ያግደዋል። መብራት የጠፋበትንና ጓዶቹን ጥሎ የሄደውን ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ይህ የደንቡ ነውር ነው፤ ደንቡን የጻፈው ሰው መብራት የማይጠፋበት ከተማ ነዋሪ መሆኑን ያሳብቃል።

ከነዚህ ሁሉ ዕዳዎች ነፃ የሆነ አንድ አጨዋወት አለ፤ እርሱም ከጥጉ ያለው ትንሽ ስዊች ነው። አሥሩ ማሽኖች በላን ኬብል ተገናኝተው፣ ከመካከላቸው አንዱ ወይም አንድ ተጨማሪ ማሽን ሰርቨር ሲሆን፣ መዘግየቱ ከአንድ ሚሊሴኮንድ በታች ይወርዳል። ከግንቡ ጀርባ የገባ ከግንቡ ጀርባ ይቀራል። አንድ ነጥብ ስድስት በየቤቱ ሥር የሰደደው ለዚህ ነው፤ ሥዕሉ ቢያረጅም ፍርዱ ቅን ነበር። ሐዋሳ ውስጥ ባህል አዳራሽ የሚባል ሌላ ክፍለ ከተማ መኖሩ እዚህ ላይ ትዝ ይላል፤ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ትርኢቱን በአንድ ቅጽበት ያያል፤ ላን ማለትም ይኸው ነው። ሁለተኛውን «ካውንተር ስትራይክ» በዚህ መንገድ ማጫወት ይበልጥ ያለፋል እንጂ አይከለከልም፤ የራስን ሰርቨር ማቆሚያ ፕሮግራሙ ይገኛል። የ85ቱ ጊጋባይት ነገርም መላ አለው። በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር አንድ ጊዜ ለማውረድ በስሌት 19 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ለአሥር ማሽን አሥር ጊዜ ቢደረግ ሳምንት ያልፋል። አንዱ ማሽን ካወረደው በኋላ ግን ከጎረቤት ማሽን እንዲቀዳ ማድረግ ይቻላል። በአንድ ጊጋቢት ስዊች፣ ዲስኩ ከፈቀደ፣ ከሩብ ሰዓት በታች ነው። ይህን የማያውቅ አዘጋጅ ገንዘቡንና የወጣቶቹን ትዕግሥት ያባክናል።

የሚያሠጋው ነገር ሁሉም ሰው ፊቱን ወደ ሩቁ ሰርቨር ማዞሩ ነው። በኢንተርኔት የሚገኘው የማዕረግ ቁጥር የችሎታ መለኪያ ተደርጎ ይወሰዳል። አንድ የአዲስ ከተማ ወጣት ከፍራንክፈርት ተጫዋቾች ጋር ተሰልፎ ዝቅ ያለ ማዕረግ ሲያገኝ ራሱንም ሌሎችንም ያሳምናል፤ «እጄ አይሠራም» ይላል። ቁጥሩ ግን እጁን፣ ግራፊክስ ካርዱን፣ የተደፈነውን ማራገቢያና የባሕር ሥሩን ኬብል በአንድ ላይ ደምሮ የሰጠ ቁጥር ነው። ከመካከላቸው የትኛው የእርሱ እንደሆነ አይነግረውም። ጎበዝ የሆነውን ልጅ ማወቅ የሚፈልግ መምህር ወይም የወጣት ማዕከል ኃላፊ ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ ሊፈርድ አይችልም። በአንጻሩ የመሣሪያውን ጉድለት ለስንፍናው መሸፈኛ የሚያደርግ ተጫዋች መኖሩም አይካድም፤ ከሰባት ዙር ሰባቱን በአንድ በር እየገባ የሚሞት ሰው ፒንግን መውቀስ አይገባውም። ሁለቱን ለመለየት የሚቻለው በላን ላይ፣ በእኩል ማሽን ብቻ ነው።

ስለዚህ የወጣት ማዕከላትም ሆኑ የጨዋታ ቤቶች ውድድር ሲያዘጋጁ ሰርቨሩን ከክፍሉ ውስጥ ማኖር፣ ለሰርቨሩና ለስዊቹ ዩፒኤስ ማበጀት፣ ከውጤቱ ጎን የማሽኖቹን ዓይነትና ምስሎቹ የወረዱበትን ዝቅተኛ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ከበሩ ላይ መለጠፍ ይጠበቅባቸዋል፤ የተውኔት ቤት የመብራቱን ባለሙያ ስም ከተዋንያኑ ጋር እንደሚያትም ሁሉ። አሥር እኩል ማሽን ማግኘት ለብዙው ቤት ከዐቅም በላይ መሆኑ የታወቀ ነው። በሩ አጠገብ ያለው ማሽን ሁልጊዜ የተሻለ፣ ከጥጉ ያለው ሁልጊዜ የሚግል ይሆናል። ጨዋታው ከ12 ዙር በኋላ አጥቂውን ተከላካይ፣ ተከላካዩን አጥቂ አድርጎ ቦታ ያለዋውጣል። በእንዲህ ያለ ቤት በዚያው ሰዓት ወንበሮቹም መለዋወጥ አለባቸው፤ አምስቱ ማውሳቸውን ነቅለው፣ ተነሥተው፣ በአምስቱ ቦታ ይቀመጣሉ፤ ቤቱን የሚጠብቀው ወጣትም እስኪሰካኩ ድረስ ሰዓቱን ያቆማል።